ኬሚካል መርጫና የመተንፈሻ ጭምብል፦ ከአካባቢ ሱቅ ወይስ በኦንላይን?

በምዕራብ ጎንደር ቆላ ዝናቡ ሰኔ ላይ ሲጥል የሚፈለገው ዕቃ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይፈለጋል። የሰሊጥ ዘር፣ ነዳጅ፣ ለቀን ሠራተኛ የሚሆን ቀለብ፣ የትራክተር መለዋወጫ፣ ፀረ አረም። በዚህ ግርግር መካከል በጀርባ የሚታዘለው ኬሚካል መርጫና ረጪው የሚለብሰው መከላከያ ብዙ ጊዜ በመጨረሻ የሚታሰቡ፣ ካለው የሚገዙ፣ ከጎረቤት የሚዋሱ ዕቃዎች ናቸው። ይሁንና በመተማ፣ በቋራና በምዕራብ አርማጭሆ እርሻዎች ላይ በመርዝና በሰው ሰውነት መካከል የሚቆመው ይኸው መሣሪያ ነው።

ቀደም ሲል ምርጫው ጠባብ ነበር። አርሶ አደሩም ሆነ ባለሀብቱ ከገንዳ ውኃ፣ ከኮኪት ወይም ከመተማ ዮሐንስ ሱቆች ያገኘውን ይገዛል፤ ካጣ ወደ ጎንደር ይወጣል። ዛሬ በስልኩ ላይ በቴሌግራምና በፌስቡክ የሚያስተዋውቁ የአዲስ አበባ ነጋዴዎች ተጨምረዋል። ዋጋ በመልእክት ይጠየቃል፣ ገንዘቡ በቴሌብር ወይም በባንክ ይተላለፋል፣ ዕቃው በሕዝብ ማመላለሻ አውቶቡስ ወይም በጭነት መኪና ይላካል። ቴሌብር አገልግሎት የጀመረው በግንቦት 2013 ዓ.ም መሆኑ ሲታሰብ የግዢው መንገድ በአጭር ጊዜ ምን ያህል እንደተለወጠ ግልጽ ነው። ጥያቄው የትኛው መንገድ ይርካሻል የሚል ብቻ ቢሆን መልሱ ቀላል ነበር። ነገር ግን መርጫ እንደ ሸሚዝ ተገዝቶ የሚለበስ ብቻ አይደለም፤ ይፈተሻል፣ ይለካል፣ ይጠገናል።

በጀርባ መርጫ ሥራ መርዝ ወደ ሰውነት የሚገባበት ዋናው በር አፍንጫ ሳይሆን ቆዳ ነው። ኬሚካሉ ሲበጠበጥ እጅ ይነካል፤ ሲረጭ ረጪው ራሱ ባረጠበው አረም ውስጥ ስለሚራመድ እግሩ ይርሳል፤ የታንኩ ክዳን በደንብ የማይገጥም ከሆነ ደግሞ በእያንዳንዱ እርምጃ ጥቂት ጥቂት እየፈሰሰ ጀርባውን ያጠጣዋል። በቆላው ሙቀት ላብ ያረጠበው ሸሚዝ መርዙን ይዞ ከቆዳ ጋር እንደተጣበቀ ይውላል። ስለዚህ የሚያፈስ መርጫ የገዛ ሰው ጭምብሉ ምንም ያህል ጥሩ ቢሆን ከጉዳት አልዳነም። መርጫውንና መከላከያውን እንደ ሁለት የተለያዩ ዕቃዎች ማየት የመጀመሪያው ስሕተት ነው።

በኦንላይን የሚገዛ ሰው የሚያየው ፎቶግራፍ ነው። ፎቶግራፉም ብዙ ጊዜ ከአምራቹ የተወሰደ እንጂ የሚላከው ዕቃ አይደለም። የታዋቂ አምራቾችን ስምና ቀለም አስመስሎ የተሠራ መርጫ በምስል ላይ ከዋናው አይለይም፤ የሚለየው ክዳኑ ሲጠብቅ፣ እጀታው ሲናፋ፣ ቱቦው ከዘንጉ ጋር የሚያያዝበት ቦታ ጫና ሲያርፍበት ነው። ዕቃው ከአዲስ አበባ ጎንደር ለመድረስ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል፤ ከዚያ በአዘዞና በጭልጋ በኩል እስከ ድንበሩ ድረስ ሌላ ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ይቀረዋል። ጉድለት ቢገኝበት ይህንኑ መንገድ መልሶ መሄድ አለበት። በመላኪያና በመመለሻ ሒሳብ ሲደመር በዋጋው ላይ የተገኘው ቅናሽ ብዙ ጊዜ እዚያው ይቀራል።

ከገንዘቡ በላይ የሚጎዳው ጊዜው ነው። ሰሊጥ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ዕድገቱ ዝግ ያለ በመሆኑ አረም ቀድሞት ይወጣል፤ በእነዚያ ሳምንታት ያልታረመ ማሳ በኋላ ቢታረምም የጠፋውን ምርት አይመልስም። መንገድ ሲዘጋ ወይም ኔትወርክ ሲቋረጥ ደግሞ ሐምሌ ላይ የታዘዘ መርጫ ለመስከረም ሊደርስ ይችላል። በአማራ ክልል ከነሐሴ 2015 ዓ.ም ጀምሮ በነበረው የፀጥታ ችግር የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ መቆየቱና የትራንስፖርት እንቅስቃሴ በተደጋጋሚ መስተጓጎሉ ይህ ስጋት በሐሳብ ብቻ ያለ እንዳልሆነ አሳይቷል።

የአካባቢው ሱቅም ቢሆን ያለ ነቀፋ የሚወደስ አይደለም። ዋጋው ይበልጣል፤ ምርጫው ጥቂት ነው፤ ለኬሚካል የሚሆን የመተንፈሻ ጭምብል ሲጠየቅ የሚቀርበው ብዙ ጊዜ በሐኪም ቤት የሚታወቀው ስስ የአፍ መሸፈኛ ነው። መተማ የድንበር ገበያ እንደመሆኗ ከማዶ ከገላባት በኩል የሚገባ ዕቃ ለነዋሪው አዲስ አይደለም። ከጎንደር ወደ ሱዳን የሚያልፈው የንግድ መንገድ ለዘመናት በዚሁ ሲተላለፍ ኖሯል። በሱዳን ጦርነት ከተቀሰቀሰበት ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም ወዲህ ደግሞ በድንበሩ ያለው እንቅስቃሴ ይበልጥ የማይገመት ሆኗል። በዚህ መንገድ የሚመጣ ኬሚካል አንዳንዴ ተጠቃሚው በማያነበው ቋንቋ የተጻፈ፣ አንዳንዴም ከትልቅ ዕቃ ወደ ውኃ ፕላስቲክ ተገልብጦ ያለ ምንም ጽሑፍ የሚሸጥ ነው። የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 ያልተመዘገበ ፀረ ተባይ ወደ አገር ማስገባትንም ሆነ መሸጥን ይከለክላል። ጽሑፍ የሌለው ኬሚካል ግን ከሕግም በፊት በተግባር አደገኛ ነው፤ ምን ዓይነት ጓንትና ምን ዓይነት ማጣሪያ እንደሚያስፈልግ የሚናገረው ያ ጽሑፍ ስለሆነ።

ለአካባቢው ሱቅ የሚያደላው ነገር አንድና ግልጽ ነው፤ ዕቃው በእጅ ይያዛል። ገዢው ከመክፈሉ በፊት መርጫውን በንጹሕ ውኃ ሞልቶ፣ ክዳኑን አጥብቆ፣ አዝሎ ጎንበስ ቀና ማለት ይችላል። ከክዳኑ፣ ከቱቦው መጋጠሚያ ወይም ከመክፈቻው ጠብታ ከወጣ ሌላ ይጠይቃል። መክፈቻው ሲለቀቅ ወዲያው መዝጋት አለበት፤ ተዘግቶም የሚያንጠባጥብ ከሆነ ረጪው ከማሳ ወደ ማሳ ሲሄድ እግሩ ላይ ይፈስበታል። ማንገቻው ሰፊ መሆኑን፣ የጎማ ማሸጊያው ለብቻው የሚሸጥ መሆኑንና እጀታው ቢሰበር የሚተካ መኖሩን መጠየቅም የዚሁ ፍተሻ አካል ነው። በሁለት ብር ጎማ የሚድን መርጫ መለዋወጫው በአካባቢው ስለማይገኝ ብቻ ሲጣል፣ ወይም ይባስ ብሎ በላስቲክ ታስሮ እያፈሰሰ ሲሠራ ማየት የተለመደ ነው። መለዋወጫው የሌለ መርጫ በግማሽ ዋጋ ቢገኝም ውድ ነው።

ከሁሉም ያነሰ ትኩረት የሚሰጠው በዘንጉ ጫፍ ላይ ያለችው ትንሿ ኖዝል ናት። ፀረ አረም በአብዛኛው እንደ ማራገቢያ ተዘርግቶ በሚረጭ ኖዝል፣ ፀረ ተባይ ደግሞ ክብ ጉም በሚሠራ ኖዝል ይረጫል። በዓለም አቀፍ መለኪያ መሠረት የኖዝሎች ቀለም የሚያወጡትን መጠን ይናገራል። ቢጫዋ በ3 ባር ግፊት በደቂቃ ወደ 0.8 ሊትር፣ ሰማያዊዋ ወደ 1.2 ሊትር፣ ቀይዋ ወደ 1.6 ሊትር ታወጣለች። በእጅ የሚናፋ መርጫ ግፊቱ ብዙ ጊዜ ከዚህ ስለሚያንስ ትክክለኛው መጠን የሚታወቀው በመለካት ነው፤ ለአንድ ደቂቃ በመለኪያ ጆግ ውስጥ እየረጩ የወጣውን ማንበብ በቂ ነው።

ልዩነቱ ምን ያህል እንደሆነ በቁጥር ማየት ይቻላል። አንድ ሜትር ስፋት እየሸፈነ በደቂቃ 60 ሜትር የሚራመድ ሰው በደቂቃ 0.8 ሊትር የሚያወጣ ኖዝል ቢይዝ በሄክታር 133 ሊትር ገደማ ይረጫል፤ በ16 ሊትር መርጫ ከስምንት ሙሊት ጥቂት ይበልጣል። ያው ሰው በዚያው እርምጃ 1.6 ሊትር የሚያወጣ ኖዝል ቢያስገባ በሄክታር የሚያርፈው 267 ሊትር ይሆናል። በእያንዳንዱ ሙሊት የሚጨምረው ኬሚካል ካልተለወጠ ማሳው እጥፍ መርዝ ጠጣ ማለት ነው፤ ወጪውም እጥፍ ሆነ። በኦንላይን የመጣ መርጫ ከየትኛው ኖዝል ጋር እንደታሸገ አስቀድሞ ካልተጠየቀ ይህ ስሕተት የሚታወቀው ሰብሉ ሲቃጠል ነው። ያረጀ ኖዝልም እንዲሁ ያታልላል፤ ከአዲሱ በ10 በመቶ በላይ ማውጣት ሲጀምር መለወጥ አለበት።

ያገለገለ መርጫ በርካሽ ለሽያጭ ሲቀርብ ለዚህ ቆላ ብቻ የተለየ ማስጠንቀቂያ ያስፈልጋል። በአካባቢው ማሽላ፣ ሰሊጥና ጥጥ ጎን ለጎን ይዘራሉ። ቱፎርዲ የተባለው ፀረ አረም ቅጠለ ሰፊ አረምን የሚያጠፋ ሲሆን ማሽላ የሣር ወገን በመሆኑ ይቋቋመዋል። ሰሊጥና ጥጥ ግን ራሳቸው ቅጠለ ሰፊ ናቸው፤ በተለይ ጥጥ ለቱፎርዲ እጅግ ስስ ነው። ትናንት ማሽላ የተረጨበት መርጫ በውኃ ብቻ ታጥቦ ዛሬ በጥጥ ወይም በሰሊጥ ላይ ቢያርፍ በቱቦውና በማጣሪያው ውስጥ የቀረው ትንሽ ቅሪት ቅጠሉን ሊያጨማድድ፣ ከዚያም አልፎ ሰብሉን ሊያጠፋ ይችላል። ከጎረቤት የተዋሰ ሰው ቢያንስ ጎረቤቱን ምን እንደረጨበት መጠየቅ ይችላል። ከማያውቀው ሻጭ በስልክ የገዛ ሰው ግን የታንኩን ታሪክ የሚነግረው የለም። አስተማማኙ መንገድ ለቱፎርዲ የሚሆነውን መርጫ ለብቻው ለይቶ፣ በማይለቅ ቀለም ምልክት አድርጎ መያዝ ነው። ያገለገለ መርጫ ለሰሊጥና ለጥጥ ባይገዛ ይመረጣል።

ከጭምብል ላይ ሲደረስ ሚዛኑ ይለወጣል። እዚህ ላይ የሌላው ዓለም ልምድ ጥቂት ይረዳል። ባሕር ባለባቸው አገሮች ጠላቂዎች የመተንፈሻ መሣሪያቸውን ከኦንላይን ይግዙ ወይስ ከሚያውቁት ሱቅ በሚለው ላይ ሲከራከሩ ኖረዋል። ብዙዎቹ የሚስማሙበት አንድ ነገር አለ፤ ልብስና መነጽር ከየትም ይገዛል፣ አየር የሚሰጠው ክፍል ግን በየጊዜው ፈትሾ የሚጠግነው ሰው ካለበት ቦታ ቢገዛ ይሻላል። የአየር ሲሊንደሩም በየተወሰነ ዓመት በግፊት ካልተፈተሸ የሚሞላለት ጣቢያ አያገኝም። በመተማ ባሕር የለም፤ ትንፋሽን ለዕቃ አደራ መስጠት ግን አለ። ልዩነቱ እዚህ ትክክለኛውን ዕቃ የሚያቀርበው ሱቅ ቅርብ አለመሆኑ ነው፤ ስለዚህም ለማጣሪያ ጭምብል በኦንላይን መግዛት አንዳንዴ ብቸኛው መንገድ ይሆናል።

እንዲያ ከሆነ የሚገዛውን ማወቅ ይገባል። የአቧራ ጭምብል፣ በኮሮና ጊዜ የተለመደውን ጠንካራውን ጨምሮ፣ ደቃቅ ብናኝን ይይዛል እንጂ የኬሚካል ትነትን አያቆምም። ለትነት የሚያገለግለው ከጎማ ወይም ከሲሊኮን የተሠራ፣ አፍንጫንና አገጭን አጥብቆ የሚይዝ፣ የሚለወጥ ማጣሪያ ያለው ነው። በአውሮፓ መለኪያ ለኦርጋኒክ ትነት የሚሆነው ማጣሪያ ቡናማ ቀለበት ያለውና በ«ኤ» ፊደል የሚታወቅ ሲሆን ለብናኝና ለጠብታ የሚሆነው ነጭና በ«ፒ» የተመለከተው ነው። ለርጭት ሥራ ሁለቱን ያጣመረ ማጣሪያ ይፈለጋል። በአሜሪካ መለኪያ ግን የኦርጋኒክ ትነት ማጣሪያ ቀለሙ ጥቁር ነው። በቀለም ብቻ የሚሸጥ ነጋዴ ሊሳሳት ወይም ሊያሳስት ስለሚችል ገዢው የማጣሪያውን ጎን ጽሑፍና በማሸጊያው ላይ የታተመውን የመጠቀሚያ ጊዜ በግልጽ የሚያሳይ ፎቶ ከሚላከው ዕቃ ላይ ተነስቶ እንዲላክለት መጠየቅ አለበት። ይህን ለመላክ የሚያንገራግር ሻጭ ሌላ ጥያቄ አያስፈልገውም።

ማጣሪያ ታሽጎ ካልመጣ መግዛት ከንቱ ነው። ከማሸጊያው ከወጣበት ቅጽበት ጀምሮ በአየር ውስጥ ያለውን ሁሉ እየሳበ ይደክማል፤ ብዙ አምራቾችም ከተከፈተ ከስድስት ወር በላይ እንዳይሠራበት ይመክራሉ። ረጪው በጭምብሉ ውስጥ የኬሚካሉ ሽታ ከተሰማው ወይም መተንፈስ ከከበደው ወሩ ባይደርስም መለወጥ አለበት። አንድ ጭምብል ሲታዘዝ ለወቅቱ የሚበቃ መለዋወጫ ማጣሪያ አብሮ መታዘዝ ያለበትም ለዚህ ነው። ማጣሪያው ሲያልቅ በቆላው የሚተካው ካልተገኘ ጭምብሉ ፊት ላይ ተደርጎ ልብን ከማሞኘት በቀር ጥቅም የለውም።

ጭምብሉ ከደረሰ በኋላ በፊት ላይ መሞከር አለበት። ማጣሪያዎቹን በመዳፍ ሸፍኖ ወደ ውስጥ መተንፈስ፤ ጭምብሉ ወደ ፊት ተጠግቶ ከቆየ ገጥሟል፣ አየር በጎን ከገባ አልገጠመም። ጺም ያለው ሰው ይህን ጭምብል አያስገጥመውም፤ ጥቂት ቀን ያልተላጨ ጸጉር እንኳን አየር ያሾልካል። ለአሥር ሠራተኛ አንድ ልክ ጭምብል ማዘዝም እንደዚሁ ለአሥሩም አንድ ቁጥር ጫማ እንደመግዛት ነው።

ለመከላከያ ልብስ የሚባለው አጭር ነው። የናይትሪል ጓንት፣ ከጓንቱ በላይ የሚወርድ እጅጌ፣ ሱሪው ከላይ የሚለበስበት ቦት ጫማ፣ መነጽር። እነዚህ በአካባቢው ይገኛሉ፣ ባይገኙም ከየትም ቢመጡ ልዩነት የለውም። የቆዳ ጓንትና የጨርቅ ጓንት ግን መርዙን መጥጠው ስለሚይዙ ከባዶ እጅ የባሱ ናቸው።

በዚህ ሁሉ ላይ ሙቀቱ አለ። በመጋቢትና በሚያዝያ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በሚደርስበት ቆላ፣ በክረምቱም ቢሆን ወበቁ በማይለቅበት ማሳ፣ ቱታና የጎማ ጭምብል ለብሶ መዋል እጅግ ይከብዳል። ሠራተኛው ጭምብሉን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ሲረጭ የሚታየው ሁልጊዜ ከግድየለሽነት አይደለም። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅትና የዓለም ጤና ድርጅት በጋራ ያወጡት ዓለም አቀፍ የፀረ ተባይ አያያዝ የሥነ ምግባር ደንብ ይህን አስቀድሞ አይቶታል። ምቾት የማይሰጥ፣ ውድ የሆነ ወይም በቀላሉ የማይገኝ መከላከያ የሚጠይቁ ፀረ ተባዮች በተለይ በሞቃት አገሮች ለሚኖሩ አነስተኛ ገበሬዎችና የእርሻ ሠራተኞች ሊቀሩ ይገባል ይላል። በዚህ ዓይን ሲታይ የግዢው ጥያቄ ከጭምብሉ በፊት ከኬሚካሉ ይጀምራል። መከላከያው በአካባቢው ካልተገኘ፣ በኦንላይንም በጊዜው ካልደረሰ፣ ያንን መከላከያ የማይጠይቅ ሌላ ኬሚካል መኖሩን የወረዳውን የግብርና ባለሙያ መጠየቅ፣ ካልሆነም በእጅ ወደ ማረም መመለስ ይቀራል። ርጭቱ የግድ ከሆነ ነፋሱ ጸጥ ባለበት ማለዳ መጨረስ ሙቀቱንም ጉዳቱንም ይቀንሳል።

ሌላው ብዙ ጊዜ የሚታለፈው ነገር የሚገዛውና የሚለብሰው አንድ ሰው አለመሆኑ ነው። በሰፋፊ እርሻዎች ዕቃውን የሚመርጠው ባለሀብቱ ወይም ሥራ አስኪያጁ ነው፤ የሚያዝለው ግን ከደጋ ለወቅቱ ወርዶ የመጣ የቀን ሠራተኛ ነው። በስልክ ላይ ዋጋ ሲወዳደር ያ ሠራተኛ በአጠገቡ የለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የአደጋ መከላከያ መሣሪያ ማቅረብንና አጠቃቀሙን ማስረዳትን የአሠሪው ግዴታ ያደርገዋል። ሠራተኛው ራሱ ጓንት ገዝቶ እንዲመጣ መጠየቅ፣ ወይም የጭምብሉን ዋጋ ከደመወዙ መቁረጥ፣ ከዚህ ግዴታ ጋር አይሄድም።

ጉድለት ያለበት ዕቃ ሲያጋጥም የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ለሸማቹ ዕቃው እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል፤ መብቱ ግን በጊዜ የተገደበ ስለሆነ ዕቃው በደረሰ ዕለት መፈተሽ አለበት። ከሱቅ የገዛ ሰው ማስረጃው ደረሰኝ ነው፤ ያለ ደረሰኝ መግዛት ሻጩን ከግብር ገዢውን ከመብት ያስመልጣል። በስልክ የገዛ ሰው የተጻጻፈበትን መልእክት፣ የዕቃውን ፎቶና የክፍያውን ማረጋገጫ ሳያጠፋ ይያዝ። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለኤሌክትሮኒክ መልእክት ሕጋዊ ዕውቅና ሰጥቷል። በእርግጥ ሻጩ የቴሌግራም ስም ብቻ ያለው፣ የንግድ ፈቃዱም አድራሻውም የማይታወቅ ከሆነ አዋጁ የሚይዘው ሰው አይገኝም። ገንዘብ ከማስተላለፍ በፊት የንግድ ስሙንና የመደብሩን ቦታ መጠየቅ፣ በዚያ ከተማ የሚኖር ዘመድ ካለም ሄዶ እንዲያይ ማድረግ ይበጃል።

በተግባር ሁለቱን ማዋሐድ የሚቻልበት መንገድም አለ። መርጫውን በአካባቢው በውኃ ፈትኖ መግዛት፤ ጭምብልና ማጣሪያውን ደግሞ በኅብረት ሥራ ማኅበር ወይም በጉርብትና ተሰባስቦ በአንድ ጊዜ ማዘዝ። ለብዙ ሰው ሲታዘዝ የመላኪያው ዋጋ ይከፋፈላል፣ ሻጩም ለአንድ ደንበኛ የማይሰጠውን ትኩረት ይሰጣል። ትእዛዙ ከግንቦት ማለፍ የለበትም። ጥራት የሌለው ዕቃ ቢመጣ ተመልሶ ሌላ እስኪደርስ ድረስ ዝናቡ የሚጠብቅ አይደለም።

የመጣው ጭምብል ከተሠራበት በኋላ የጎማው ክፍል በሳሙና ታጥቦ በጥላ ይደርቃል፤ ማጣሪያው ግን ውኃ አይንካው። ሲደርቅ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ከኬሚካሉ ርቆ፣ ከፀሐይም ተከልሎ ይቀመጥ። ኬሚካል በተከማቸበት ቆርቆሮ ቤት ምስማር ላይ ተሰቅሎ የከረመ ማጣሪያ ለቀጣዩ ክረምት የሚተርፈው ነገር የለውም።